እንቢ ማለት ያልተፈቀደላት አገልጋይ

አገልግሎት በክርስትና ትምህርት ዘንድ የውርደት ስም አይደለም። ጌታችን ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበባት ሌሊት ወዲህ ውሃ የሚያቀርብ፥ ምግብ የሚያሰናዳ፥ የታመመውን የሚያነሣና የሚያስተኛ ሰው ከባለ ዘውዱ ይልቅ ጌታውን ይመስላል ተብሎ ሲሰበክ ኖሯል። ትምህርቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሐሰት ብቻዋን መቆም ስለማትችል የእውነትን ልብስ ተውሳ መቆም ትወዳለችና፥ ይህንኑ ትምህርት ወስደው ሌላውን ሰው በግድ ለማሠራት ማመካኛ ያደረጉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ነገራቸው ሲጠቀለል፥ አገልግሎት ክብር ከሆነ ባሪያችንን በክብር ሥራ አሠማራናት እንጂ አልበደልናትም የሚል ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እንቢ ለማለት ያልተፈቀደለት ሰው የሚሠራው ሥራ አገልግሎት ይባላልን? ባይባልስ፥ በዚያ ሥራ ላይ ቆሞ የጸለየ፥ ያስተማረ፥ እንግዳ የተቀበለ ሰው፥ ጸሎቱና ትምህርቱ፥ እንግዳ ተቀባይነቱም የማን ነው? ነገሩን በባዶ ከመፈተሽ በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ላይ ማየት ይሻላልና፥ እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ ባቋቋሟቸው የቅኝ ግዛቶች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን በሰው ቤት በባርነት የኖሩትን አፍሪካውያን ሴቶች ምሳሌ እናድርግ። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ አሜሪካ ባርነት ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው የትንባሆውን፥ የሩዙንና በኋላም የጥጡን እርሻ፥ በፀሐይ የሚገረፈውንም ጀርባ ነው። በቤት ውስጥ የምታገለግለዋ ሴት ግን ጥላ ያገኘች፥ ከጌቶቿ ገበታ ትራፊ የምትቀምስ፥ እንደ ቤተ ሰብ የምትቈጠር ስለ መሰለች ዕጣዋ የቀለለ ነው ይባል ነበር። በተለይ እንደ ማሳቹሴትስ ባሉት በሰሜኑ ግዛቶች በአንድ ቤት የሚገኙት ባሮች ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ፥ መኝታቸውም በዚያው ጣራ ሥር በማድቤቱ ወይም በቆጡ ላይ ስለ ነበረ፥ ይህ አነጋገር የእውነት መልክ ነበረው።

የዚያችን ሴት አንድ ቀን እንመልከት። ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍና የምትተኛ፥ ሌላው ሳይነሣ ተነሥታ የምትቈሰቍሰው እርሷ ናት። ውሃውን ከጕድጓድ ትቀዳለች፤ እንጨቱን ታስገባለች፤ የሌሊቱን የሽንት ዕቃ አውጥታ ትደፋለች። ሊጡን አቡክታ ዳቦ ትጋግራለች፤ ወተቱን ትንጣለች፤ ሥጋውን ለክረምት በጨው ታሰናዳለች፤ ሞራ አቅልጣ ሻማ ትሠራለች፤ ተረፈ በሚባለው ጊዜ ደግሞ የበግ ጠጕርና የተልባ ጭረት ትፈትላለች። የልብስ አጠባ ሲሆን ከምድጃ በተጠራቀመው አመድ ላይ ውሃ አሳልፋ የሚፋጅ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ከሞራ ጋር አፍልታ ሳሙና ታደርገዋለች፤ በትልቅ ብረት ድስት የፈላውን ልብስ በዱላ እያማሰለች አውጥታ ታሻለች፤ ትጨምቃለች። አመዱ እጇን ይልጣል፤ እሳቱ ቀሚሷን ይይዛል። በዚያ ዘመን ምድጃ ደጁ የተከፈተ ነበልባል እንጂ እንደ ዛሬው በብረት የተከደነ አልነበረምና።

ይህ ሁሉ ግን የድካሟ ቀላሉ ነው። በእርሻ ላይ የሚውለው ባሪያ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ጎጆው የከፋ ቢሆንም ከወገኖቹ ጋር የሚተክዝበት፥ የሚያዜምበት ጥቂት ሰዓት አለው። በቤት ያለችው ግን ፀሐይ የምትጠልቅባት ሰዓት የላትም። ሌሊት ሕፃን ቢያለቅስ፥ ሽማግሌ ቢታመም፥ እንግዳ ቢመጣ የምትጠራው እርሷ ናት። የወለደች እንደ ሆነ የራሷን ልጅ አስተኝታ የእመቤቲቱን ልጅ እንድታጠባ የታዘዘችም ነበረች። ፊቷ እንኳ የራሷ አልነበረም፤ ሲያዝኑ እንድታዝን፥ ሲደሰቱ እንድትደሰት ይጠበቅባት ነበርና። ቅርበት ያለ ነጻነት ሲሆን ከርቀት ይልቅ ይከብዳል፤ የሚያያት ዓይን አይከደንምና።

ሕጉ ደግሞ ምን ይላት እንደ ነበረ ቨርጂንያን እንመልከት። በ1643 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አፍሪካዊቱን ሴት እንደ ወንድ ሠራተኛ ቈጥሮ ግብር እንዲከፈልባት አደረገ፤ እንግሊዛዊቱ ሴት ግን በዚህ ቍጥር አልገባችም። በ1662 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ልጅ ነጻ ወይም ባሪያ የሚሆነው በእናቱ ዕጣ ነው ብሎ ደነገገ፤ ይህም የእንግሊዝ ልማድ ልጅን በአባቱ ከሚቈጥርበት ሥርዐት የወጣ ነው። ጌታዋ ራሱ አስገድዶ ቢያስወልዳት እንኳ የተወለደው የእርሱ ልጅ ሳይሆን የእርሱ ንብረት ሆነ ማለት ነው። በ1667 ዓ.ም. ደግሞ ጥምቀት የባሪያን ዕጣ አይለውጥም ተባለ። ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ይደነግጣል። የመጀመሪያው እጇን፥ ሁለተኛው ማኅፀኗን ወሰደ፤ ሦስተኛው በጥምቀት ወንድምና እኅት የሆኑትን እንደ ገና ሻጭና ተሸጭ አደረገ። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ሦስተኛውን መጻፍ ያስፈለጋቸው ሕሊናቸው ስለ ጠየቃቸው ነው እላለሁ፤ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ በሕግ የሚመልስ የለምና።

በሰሜንም ክርክሩ አልቀረም። በ1700 ዓ.ም. በቦስተን ዳኛ የነበረው ሳሙኤል ሲዎል የዮሴፍን መሸጥ ርእስ አድርጎ ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ። ወንድሞቹ ዮሴፍን ለመሸጥ ሥልጣን እንዳልነበራቸው፥ ገዢውም የገዛው ነገር ሊሸጥ የማይገባውን ነው ብሎ ተከራከረ። በዚያ ጽሑፍ አፍሪካውያኑን «ኢትዮጵያውያን» ብሎም ይጠራቸዋል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ያለውን ስም ለጥቍር ሕዝብ ሁሉ መስጠት የዘመኑ ልማድ ነበረና አንባቢያችን ይህን ሲያገኝ አይደነቅ። በማግሥቱ ዓመት ጆን ሳፊን የተባለ ባለ ባሪያ መልስ ጻፈበት። ያው ከተማ የነበረው ሰባኪ ኮተን ማዘር ደግሞ በ1706 ዓ.ም. ባሮችን ወንጌል አስተምሩ የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ ነገር ግን ቢጠመቁም ነጻ አይወጡባችሁምና አትስጉ ብሎ ጌቶቹን አጽናና። በዚያው ዓመት ምእመናኑ አንድ አፍሪካዊ ባሪያ በስጦታ ሲያበረክቱለት «አናሲሞስ» ብሎ ሰየመው። ቅዱስ ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና የላከው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ነበር። ሰባኪው ስሙን አነበበ፤ መልእክቱን ግን አላነበበም።

አሁን ወደ አንድ ሊቅ ቤት እንግባ። ጆናታን ኤድዋርድስ በማሳቹሴትስ በኖርዝሃምፕተን ከተማ የነበረ፥ በአሜሪካ ከተነሡት የፕሮቴስታንት መምህራን ሁሉ በሐሳብ ጥልቀት የሚስተካከለው ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ስለ ፈቃደ ሰብእና ስለ እውነተኛ በጎነት የጻፋቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ይህ ሰው በ1731 ዓ.ም. በሮድ አይላንድ ወደምትገኘው ወደ ኒውፖርት ሄዶ ዕድሜዋ 14 ዓመት ገደማ የሆነች አንዲት ልጅ በ80 ፓውንድ ገዛ። በሽያጩ ወረቀት ላይ ስሟ ቬኑስ ይባላል፤ የሮማውያን ጣዖት ስም ነው፤ ወደ ሰባኪው ቤትም በዚሁ ስም ገባች። በዚያ ቤት በጠቅላላው 11 ልጆች ተወለዱ። ደቀ መዝሙሩ ሳሙኤል ሆፕኪንስ እንደ ጻፈው ኤድዋርድስ በቀን እስከ 13 ሰዓት በጥናት ክፍሉ ይቀመጥ ነበር።

መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁሉ ይህን ቍጥር ሲሰማ ያስባል። አሥራ ሦስት ሰዓት ከየት ይገኛል? ሰው ሁሉ ይርበዋል፥ ይበርደዋል፥ ልብሱ ያድፋል፤ ሊቁም እንዲሁ። እርሱ ስለ በጎነት ሲጽፍ ሌላ ሰው ውሃ ይቀዳለት፥ እሳት ያነድለት ነበር። ሊቅ በሌላው ድካም መኖሩ ብቻውን ነውር አይደለም። በአገራችን የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሌላውን ቍራሽ በልቶ ይማራል። ነገር ግን በደጅ ያለችው እናት ያላትን ልትሰጠው፥ ወይም «እግዜር ይስጥህ» ብላ ልታሰናብተው ትችላለች። ቍራሹ ምጽዋት የሚሆነው መከልከል ስትችል ስለ ሰጠችው ነው። «እግዜር ይስጥህ» ማለት ያልተፈቀደላት ሴት የምታወጣው እንጀራ ምጽዋት አይደለም፤ ግብርም አይደለም፤ ቅሚያ ነው። ቬኑስም በዚያ ቤት እንቢ የምትልበት ቃል አልተሰጣትም።

የባርነት ዋና በደሉ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድካምን ይወስዳል፤ ደመወዝን ይወስዳል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ስጦታን ከሰጪው እጅ አስቀድሞ መንጠቁ ነው። እግር ማጠብ ፍቅር ይሆን ዘንድ የሚችል ሥራ ነው። ያቺ ሴት ግን ልትሰጠው ትችል የነበረውን ሁሉ ሳትሰጠው ተወስዶባታል። ጌታዋም በበኩሉ ከዚያ ወዲያ ከእርሷ ምንም ነገር ሊቀበል አይችልም። ፈገግ ብትልለት ወዳው ይሁን ፈርታው አያውቅም፤ በሕመሙ አጠገቡ ብታድር አዝናለት ይሁን ታዛ አያውቅም። ሁሉን የወሰደ ሰው የሚቀበለው ነገር አልቀረውም።

ኤድዋርድስ ይህን ጕዳይ አስቦበት ያውቃል። በ1741 ዓ.ም. ገደማ በሌላ ከተማ የነበረ አንድ ሰባኪ ባሪያ በመያዙ ምእመናኑ ሲነቅፉት፥ ኤድዋርድስ ለሰባኪው መከላከያ የሚሆን ረቂቅ ጽፎ ነበር። በዚያ ረቂቅ ሰዎችን ከአፍሪካ አፍኖ ማምጣትን ይነቅፋል፤ በእጅ ያሉትን መያዝ ግን አይነቅፍም። ነቃፊዎቹም ራሳቸው በባሮች ድካም በመጣው ሸቀጥ እየተጠቀሙ እንዴት ይነቅፋሉ ይላል። ይህ አነጋገር ስለት አለው፤ ሐሰትም አይደለም። ያ ሁሉ የስኳር ንግድ በባሮች ደም የቆመ ነበርና። ነገር ግን ሁላችን ቀማኞች ነን ማለት ሁላችንን ወደ ንስሐ ይጠራናል እንጂ ከመካከላችን አንዱ የቀማውን ይዞ እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም። እንዲህ ያለ ብሩህ አእምሮ በዚህ ደጃፍ ላይ መሰናከሉ ያሳዝናል። በ1758 ዓ.ም. ሲሞት በንብረቱ ዝርዝር ውስጥ ቲቶ የተባለ አንድ ልጅ ከከብቶቹ ጋር ተቈጥሮ በ30 ፓውንድ ተገምቷል። ከቤቱ ሰዎችና ከደቀ መዛሙርቱ ወገን ግን የተሻለ ያዩ ተነሡ። ሆፕኪንስ በዚያችው ቬኑስ በተሸጠችባት በኒውፖርት ሰባኪ ሆኖ በ1776 ዓ.ም. ባርነትን የሚቃወም መጽሐፍ አሳተመ፤ በአባቱ ስም የተጠራው ልጁም በ1791 ዓ.ም. የባሪያ ንግድን በስብከት ተቃወመ።

ንጉሥ ዳዊት በጦር ሜዳ ሳለ ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውሃ ቢያምረው ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ቀድተው አመጡለት። ንጉሡ ግን አልጠጣውም፤ የሰዎቹ ደም ሆኖ ታየውና ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። እነዚያ ሦስቱ ወደው የሄዱ ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልገዛቸውም። በፈቃድ የመጣው ውሃ ለንጉሥ ጕሮሮ እንዲህ ከከበደ፥ በኖርዝሃምፕተን ማለዳ ማለዳ ይቀዳ የነበረው ውሃ እንዴት ቀለለ? መልሱ ልማድ ነው። ዳዊት አንድ ቀን ነው የጠማው፤ እነዚህ ግን በየቀኑ ይጠጡ ነበር፤ በየቀኑ የሚጠጡትን ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

የጥንት አባቶች ይህን አይተውት ነበር። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በአራተኛው መቶ ዘመን መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም፥ ባሮችን ገዛሁ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆሞ፥ በእግዚአብሔር አርኣያ የተፈጠረውን ሰው በስንት ዋጋ ገመትኸው ብሎ ሻጩንም ገዢውንም ይዘልፋል። አፈወርቅ ዮሐንስም ብዙ አገልጋይ የሚያስከትሉትን ባለጠጎች ሲገሥጽ፥ ባሪያ መግዛት ካሻችሁ ገዝታችሁ የእጅ ሥራ አስተምራችሁ ነጻ ልቀቁ ብሎ መክሯል። ስለዚህ ዘመኑ አላወቀም ነበር የሚለው ማመካኛ ብዙ አያስኬድም፤ ከ1300 ዓመት በፊት የታወቀ ነበርና።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው፥ ደግ ጌቶች አልነበሩምን የሚል ነው። ነበሩ። በ1761 ዓ.ም. በቦስተን ወደብ ለእመቤቲቱ አገልጋይ እንድትሆን የተገዛችው ልጅ ፊሊስ ዊትሊ በዚያ ቤት ንባብ ተምራ፥ በ1773 ዓ.ም. የግጥም መጽሐፏ በለንደን እስከ መታተም ደርሷል። ደግነቱን መካድ አይገባም። ነገር ግን የዚያች ልጅ ዕድል የተንጠለጠለው በአንዲት እመቤት መልካም ጠባይ ላይ ነበር፤ እመቤቲቱ ብትሞት፥ ጌታው በዕዳ ቢያዝ፥ ዕድሉ ይገለበጣል። በሌላው ቸርነት ብቻ የሚቆም ሕይወት ቸርነቱ ባለበት ቀን እንኳ የተሰቀለ ሰይፍ አለበት።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ሐዋርያው አገልጋዮችን ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ አድርጉ ብሎ መክሮ የለምን? ያቺ ሴት በልቧ ነጻ ሆና ድካሟን ለእግዚአብሔር ልታቀርብ አትችልምን? ትችላለች፤ ያቀረቡም እንደ ነበሩ አልጠራጠርም። የልብን ነጻነት ሕግ ሊሸጠው አይችልም። ነገር ግን ያ መሥዋዕት የእርሷ ነው። ጌታዋ የእርሷን ትዕግሥት ጠቅሶ ራሱን ሊያጸድቅ አይችልም፤ ሰማዕቱ በሰይፍ ስለ ከበረ ሰያፊው አልከበረምና። ይህን ምክር ለተገፋው መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ለራስ ዕረፍት ሲሉ መጥቀሱ ግን ሌላ ነው። በቅኝ ግዛቶቹ በባሮች ፊት ከሁሉ ይልቅ ይሰበክ የነበረው ይህ ቃል መሆኑ፥ ሰባኪዎቹም የጌቶቹን ግዴታ የሚናገረውን ተከታዩን ቃል በለሆሳስ ማለፋቸው ብዙ ይናገራል።

የተወሰደ ሥራ ከተሰጠ ሥራ እንደሚለይ ሴቶቹ ራሳቸው ያውቁ ነበር። በማሳቹሴትስ በሜድፎርድ የአይዛክ ሮያል ቤት ባሪያ የነበረች ቤሊንዳ የምትባል ሴት፥ በልጅነቷ ከአፍሪካ ተሰርቃ 50 ዓመት ያህል አገልግላለች። ጌታዋ የእንግሊዝ ንጉሥ ወገን ነበረና ጦርነቱ ሲነሣ ወደ እንግሊዝ ሸሸ፤ ንብረቱም በመንግሥት እጅ ገባ። በየካቲት ወር 1783 ዓ.ም. ይህች አሮጊት ሴት ለግዛቱ ሸንጎ አቤቱታ አቀረበች። የዚያ ቤት ሀብት በከፊል በእርሷ እጅ የተከማቸ ስለ ሆነ ለእርጅናዋና ለታማሚ ልጇ መኖሪያ ይቈረጥላት ዘንድ ጠየቀች። ስሟን መጻፍ ስላልተማረች የመስቀል ምልክት አድርጋ ፈረመች። ሸንጎውም በዓመት 15 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ፈቀደላት፤ ክፍያው ግን ስለሚቋረጥ ደጋግማ ማመልከት ነበረባት። ምጽዋት አልለመነችም፤ ሒሳብ ጠየቀች።

ከሁሉም ይልቅ ነገሩን የምታስረዳን በዚያው ግዛት በሸፊልድ ከተማ የነበረች ሴት ናት። በባርነት ስሟ ቤት ይሏት ነበር፤ የእንግሊዝኛው የኤልሳቤጥ ማሳጠሪያ ነው። በአማርኛ ሲጻፍ ግን የቅኔ ተማሪ ፈገግ ሳይል አያልፈውም፤ ቤቱን ሁሉ የተሸከመች፥ ቤት የሌላት ቤት ነበረችና። ጌታዋ ጆን አሽሊ ዳኛና የታወቀ ሰው ነበር። በ1773 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሰዎች በዚያ ቤት ተሰብስበው ሰው ሁሉ በተፈጥሮው እኩልና ነጻ ነው የሚል የአቋም መግለጫ አረቀቁ። እርሷ ገበታ ስታቀርብ ይህን ነገር እንደ ሰማች ይነገራል። ምግቡን ያቀረበችላቸው እጅ በቃላቸው ውስጥ ትካተት እንደ ሆነ በዚያ ማዕድ ላይ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ቀን እመቤቲቱ ተቈጥታ የጋለ የእሳት መጫሪያ በአንዲት ታናሽ ልጅ ላይ ስታነሣ፥ ቤት ክንዷን ዘርግታ ተቀበለችው። ቍስሉ ጠባሳ ሆኖ ቀረ። እርሷ ያሳደገቻት ጸሓፊዋ ካተሪን ሴጅዊክ በኋላ እንደ ጻፈችው፥ ጠባሳውን አልሸፈነችውም፤ ሰው ሲጠይቃት እመቤቴን ጠይቋት ትል ነበር። በ1780 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ እንደ ተወለደ ሲያውጅ ወደ ሕግ ባለሙያው ወደ ቴዎዶር ሴጅዊክ ሄዳ ይህ ቃል ለእኔም አይደለምን አለችው። በነሐሴ ወር 1781 ዓ.ም. ብሮም ከተባለ ሌላ ባሪያ ጋር አሽሊን ከሳ ረታች። 30 ሽልንግም ካሣ ተፈረደላቸው።

አሽሊ በደመወዝ ተመልሳ እንድታገለግለው ቢጠይቃት እንቢ አለች። በሕይወቷ ዘመን ለጌታዋ ያለችው ያልተቀጣችበት እንቢታ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ኤልሳቤጥ ፍሪማን ተብላ፥ ይኸውም ነጻዪቱ ማለት ነው፥ ወደ ሴጅዊክ ቤት በደመወዝ ገባች። በዚያም ያው ምድጃ፥ ያው ውሃ፥ ያው የሕፃናት ልቅሶ ነበረ። ልጆቹን አሳደገች፤ የታመሙትን አስታመመች፤ በከተማውም በአዋላጅነት ታወቀች። በ1786 ዓ.ም. በተነሣው ዐመፅ ሰዎች ቤቱን ሊዘርፉ ሲመጡ የቤቱን ብር ደብቃ ፊት ለፊት የተቋቋመቻቸው እርሷ ናት። የራሷ ያልሆነውን ብር እንዲህ እንድትጠብቅ ማን አዘዛት? ማንም። ልጆቹም የልባቸውን ፍቅር ሰጧት፤ ሊሰጧት የቻሉት እርሷ መጀመሪያ የሰጠቻቸው ስጦታ ስለ ነበረ ነው።

በ1829 ዓ.ም. ስትሞት በስቶክብሪጅ በሴጅዊክ ቤተ ሰብ መካነ መቃብር ተቀበረች። ከዚያ በፊት በደመወዟ ቤትና መሬት ገዝታ ነበር። ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቀድሞ የወጣው የቨርጂንያው ሕግ እናት ለልጇ የምታወርሰው ባርነትን ነው ይል ነበር፤ ኤልሳቤጥ ግን ኑዛዜ አድርጋ ንብረቷን ለልጇና ለልጅ ልጆቿ አወረሰች።